የአያቶቼን ፎቶ በ96 ቁራጭ ፐዝል ስንገጣጥም ያየነው ነገር (የድሮ ፎቶ ያላችሁ ግቡ)

የፍራንኮ ልጅ
እሑድ፣ ማታ 2:15

ሰላም የአዳማ ልጆች፣ በያላችሁበት።

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ፎቶ አለ። አያቶቼ በተጋቡ ሰሞን፣ በ1961 ዓ.ም. የተነሱት ነው። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አባባ ሱፍ ለብሰው ከጎናቸው ቆመዋል። ከኋላቸው ሐይቅ አለ። ሐዋሳ ነው። አባባ ከሠርጉ በኋላ ሙሽሪትን ሐዋሳ ወስደው እንዳዝናኗት ስንሰማ ነው ያደግነው። ሁለቱም አሁን በሕይወት የሉም።

ሐምሌ ላይ እናቴን ደረጃ ላይ አዳለጣትና እግሯ ተሰበረ። ጀሶ ታስሮላት ቤት ዋለች። ቀኑን ሙሉ ገበያ ስትዞር የምትውል ሴት ናት፣ መቀመጥ አይሆንላትም። ቴሌቪዥኑ ሰለቻት። ታብሌት ላይ ፐዝል አስጀመርኳት። አበባ፣ ድመት፣ በረዶ የለበሰ የፈረንጅ ቤት። ሁለት ቀን ሞከረችና ተወችው። «ይሄን ድመት እኮ አላውቀውም» አለችኝ።

እንግዲያው የምታውቀውን ልስጣት አልኩ። ያንን ፎቶ በስልኬ አነሳሁት። የራስን ፎቶ ወደ ፐዝል የሚቀይሩ ድረ ገጾች አሉ፣ እኔ የተጠቀምኩት ጂግሶ ፕላኔትን ነው። ፎቶውን ታስገባላችሁ፣ የቁራጩን ብዛት ትመርጣላችሁ፣ እሱ ቆራርጦ ይበትነዋል። 96 አደረግነው።

አራት ማታ ፈጀብን። እናንተዬ፣ እኔ ያንን ፎቶ ዕድሜ ልኬን ነው የማውቀው። ግን የአባባ እጅ ወንበሩ ላይ ሳይሆን የእማማን ነጠላ ጫፍ በሁለት ጣት ይዞ እንደሆነ አይቼ አላውቅም። ያ አንድ ቁራጭ ነው። ለብቻው ሲመጣ ምን እንደሆነ አላወቅነውም፣ እናቴ አዙራ አዙራ አየችውና «የአባቴ ጣት ነው» አለች። አባባ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሱፉ እጅጌ ጫፍ ላይ ሳይነቀል የቀረ ነጭ ክር አለ። እናቴ እንደምትለው ሱፉን የጨረሱት በዚያው ጠዋት ነው። ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። እሷም ያስታወሰችው ክሩን ስታይ ነው።

የጠመመን ውሃው ነው። ሠላሳ የሚሆን ቁራጭ፣ ሁሉም ግራጫ። እና አንዱ ላይ፣ ውሃው መሃል፣ ከላይ ወደ ታች የወረደ ቀጥ ያለ መስመር አለ። ፎቶው ተሰንጥቆ ነው እንዳልል ስንጥቅ አይመስልም። ምን ይሆን? የድሮ ፎቶ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። የራሳችሁን ፎቶ እንዲህ የሞከራችሁም ካላችሁ መስማት እፈልጋለሁ።

ወንጂ ሠፈር
እሑድ፣ ማታ 2:50

እኔም ከእናንተው ነኝ! አባቴ ስኳር ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ሆላንዶቹ ወንጂን ሥራ ያስጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፣ አባቴ የገባው ትንሽ ቆይቶ ነው። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር የተነሳው አንድ ትልቅ ፎቶ አለን። አርባ ሰው ገደማ ተሰልፏል። እሱን 200 ቁራጭ አድርጌ ለወንድሞቼ ላክሁላቸው።

ከስህተቴ ተማሩ። መጀመሪያ ፎቶውን ቀለም በሚቀባ አፕ ቀለም አስገባሁበት። ፐዝሉ እንዲቀል ብዬ ነው። ሌላ ፎቶ ላይ ደግሞ አክስቴ በሀበሻ ቀሚስ አለች፣ እሱንም አስቀባሁት። አፑ ጥለቱን ወይን ጠጅ አደረገው። አክስቴ አየችውና «ይሄ የማን ቀሚስ ነው?» አለች። የሷ ጥለት አረንጓዴ ነበር፣ እናቷ ናት ያስጠለፈችላት። ማሽኑ ቀለሙን አያውቅም፣ ይገምታል። ከዚያ ወዲህ ጥቁርና ነጩን እንዳለ ነው የምተወው። ፊት «የሚያጠሩ» አፖችም ያው ናቸው፣ የአባቴን ዓይን ሌላ ሰው ዓይን አድርገውብኝ ነበር።

መምህር ከቦኩ
እሑድ፣ ማታ 3:20

ደስ የሚል ርዕስ ነው። የፐዝል ነገር ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ለንደን ውስጥ ጆን ስፒልስበሪ የሚባል ካርታ ቀራጭ ነበር። ካርታ እንጨት ላይ ለጥፎ በየአገሩ ድንበር በመጋዝ ቆረጠው። ልጆች መልሰው እየገጠሙ ጂኦግራፊ እንዲማሩበት ነው። ፐዝል እንግዲህ ሲጀመር ማስተማሪያ ነበር።

እኔም ለተማሪዎቼ የቆቃ ግድብን የድሮ ፎቶ 60 ቁራጭ አድርጌ ነበር። ግድቡ የተመረቀው በ1952 ዓ.ም. ነው፣ ጣሊያን በከፈለው የጦር ካሳ የተሠራ። ይህን በቃል ብነግራቸው ደብተር ላይ ጽፈው ይረሱታል። ፎቶውን ሲገጥሙ ግን ጥያቄው ከራሳቸው መጣ። «ቲቸር፣ ሰዎቹ ለምን ኮፍያ አደረጉ? ውሃው ከመምጣቱ በፊት እዚያ ማን ነበር?» በአንድ ፎቶ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሄደ። ግድ የለኝም።

ታሪካዊ ፎቶ ለምትፈልጉ ዊኪሚዲያ ኮመንስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የኢትዮጵያ ብዙ አለ፣ የመጠቀም ፈቃዱም ከፎቶው ሥር ተጽፏል። እዚያ የምታገኟቸውን የቤተ መንግሥት ፎቶዎች በደንብ እዩ። ብዙዎቹ የቦያጂያን ቤተሰብ እጅ ያለባቸው ናቸው። አባትየው ቤድሮስ አርመናዊ ነበር፣ የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ። ልጆቹም ሙያውን ወርሰው ከሱ በኋላ የመጡትን ነገሥታት አንስተዋል። የካባ ጥልፍ ያለበት ፎቶ ለፐዝል ምርጥ ነው፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ምልክት ይኖረዋል።

የሐይቅ ዳር
እሑድ፣ ማታ 3:45

ከሐዋሳ ነኝ። የፍራንኮ ልጅ፣ የውሃውን ክፍል ብቻ ቆርጠሽ ብትለጥፊው? አያቶችሽን ሳታሳዪ። ቦታውን ልለይልሽ እችል ይሆናል።

የፍራንኮ ልጅ
እሑድ፣ ማታ 4:05

ለጠፍኩት። በግራ በኩል ተራራ አለ፣ እናቴ ታቦር ነው ትላለች። ዛፎችም አሉ። ወፎችም።

የሐይቅ ዳር
እሑድ፣ ማታ 4:30

እህቴ፣ እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም። ታቦር ውሃው ማዶ አይደለም፣ ከተማው ውስጥ ነው። ይሄኛው ተራራ ደግሞ ጫፉ ነጭ ነው። ዛፎቹ ሾጣጣ ናቸው፣ እንዲህ ያለ ዛፍ ሐይቃችን ዳር አላየሁም። ወፎቹም አንገታቸው ረጅም፣ ነጭ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ናቸው። እኛ ጋ ያለው አባ ኮዳ ነው። አሞራ ገደል ብትመጪ ዓሣ አጥማጆቹ እግር ሥር ቆሞ ታገኚዋለሽ።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1952 ነው፣ በ1961 ሰው ለሽርሽር መምጣቱ አይገርምም። ፎቶው ላይ ያለው ግን ሐዋሳ አይመስለኝም። ይቅርታ።

ጨለማ ክፍል
ሰኞ፣ ጠዋት 1:10

ሌሊት አንብቤው ነው ያደርኩት። አባቴ እዚሁ አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት፣ ፎቶ ቤት ነበረው። ያደግሁት ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በቀይ መብራት ነው።

ያ መስመር የጨርቅ እጥፋት ነው። ሐይቁ ስዕል ነው።

ያኔ ፎቶ ቤት ሁሉ ባክግራውንድ ነበረው። ሠዓሊ ያዘጋጀዋል፣ አቡጀዲ ላይ። እኛ ጋ ሦስት ነበሩ። አንዱ ሐይቅ፣ አንዱ የአበባ ማሰሮ የተደረደረበት ደረጃ፣ አንዱ አውሮፕላን። በእንጨት ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። ደንበኛው መርጦ ሲጨርስ እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ እሰቅላለሁ። ተጣጥፎ የቆየ ከሆነ መስመሩ በብረት ካልተተኮሰ አይጠፋም። አባቴ ይቆጣኝ የነበረው በዚህ ነው። ሠዓሊው የሣለው ከፈረንጅ ካላንደር እያየ ነው፣ ለዚያ ነው ተራራው በረዶ ያለው።

ሌላም ምልክት ልስጥሽ። የእማማን ነጠላ እይ። ቀጥ ብሎ ነው የወረደው። ሐይቅ ዳር ነፋስ አለ፣ ነጠላ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከጫማቸው ሥርም ጥላ ካለ አቅጣጫውን ተመልከቺ። ሁለት ጥላ ከሆነ ሁለት መብራት ነበር ማለት ነው፣ ፀሐይ ደግሞ አንድ ናት።

እነዚህን ነገሮች ፎቶ ላይ ያየሁበት ሥራዬ ስለነበር ነው። ኔጋቲቩን መብራት ላይ ዘርግቼ፣ በቀጭን እርሳስ ሪታች ሳደርግ፣ ማለትም ጉድፉን ሳስተካክል፣ አንድ ጉንጭ ላይ ሩብ ሰዓት እቀመጣለሁ። እናንተ በፐዝል የምታደርጉት ያንኑ ነው።

የአባቴ ኔጋቲቮች ዛሬ የሉም። ቤቱን የገዛው ሰው ሳይነግረን ካርቶኖቹን ከቆሻሻ ጋር አወጣቸው። የሃያ ምናምን ዓመት የከተማ ፊት። ስለዚህ እናንተ ግድግዳ ላይ ያለው አንድ ቅጂ፣ ምናልባት በዓለም ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው። ቶሎ ስካን አድርጉት።

የፍራንኮ ልጅ
ሰኞ፣ ጠዋት 3:40

ጥላው ሁለት ነው። አሁን አየሁት።

ለእናቴ አነበብኩላት። ምንም አላለችም። ቆየት ብላ «አባቴ አይዋሽም» አለች። ቡናውን ሳትጨርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ባልጀመርኩት ኖሮ ብዬ ነው የዋልኩት።

እሙ
ሰኞ፣ ቀን 6:20

ይገባኛል። እኔ ለዚህ ነው ፐዝሉን የምፈራው።

ታላቅ ወንድሜ በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከዘመቱት ተማሪዎች አንዱ ነበር። በካኪ ልብስ የተነሳው ፎቶ አለን። ከዘመቻው ተመለሰ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን አጣነው። ልጄ የሱን ፎቶ ፐዝል አድርጋ ለእናቴ ልታሳያት ስትል እናቴ እሪ አለች። «ፊቱን ቆራረጣችሁት?» ነው ያለችው። ስክሪን ላይ መሆኑ ለሷ ምንም ለውጥ የለውም። ዓይኑ አንድ ቦታ፣ አፉ ሌላ ቦታ ተበትኖ ማየት።

ሌሎቻችሁ ደስ ሲላችሁ ደስ ይለኛል። ግን የሞተ ሰው ፎቶ ላይ አስቡበት።

ሲስተር 04
ሰኞ፣ ቀን 7:00

እሙ፣ እናትሽ ልክ ናቸው። ካልፈለጉ አለመንካት ነው። ማንም ሰው በሐዘኑ ላይ ጨዋታ እንዲገጥም አይገደድም።

ነርስ ስለሆንኩ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ ፐዝል ለመርሳት በሽታ መድኃኒት ነው ወይ እያለ። እዚህም ሳይነሳ አይቀርም። ጀርመን አገር፣ ኡልም ላይ የተሠራ ጥናት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ። 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 100 ሰዎች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ ለ30 ቀን፣ በቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት ፐዝል እንዲገጥሙ ተደረገ። ፐዝል መግጠም ብዙ የአእምሮ ችሎታዎችን አንድ ላይ እንደሚያሠራ አይተዋል። በ30 ቀን ግን ከሌላው ቡድን የተለየ፣ ይህ ነው የሚባል መሻሻል አላገኙም። ስለዚህ «ያድናል» ብላችሁ ለወላጆቻችሁ ቃል አትግቡ።

እኔ በሥራዬ የማየው ሌላ ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ጋ ጠያቂ ሲመጣ ወሬው አምስት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። «ተሻለሽ? እግዜር ይማርሽ።» አለቀ። መሃላቸው የሚያዩት ፎቶ ካለ ግን ሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ።

ጡረተኛው ከለገሃር
ሰኞ፣ ማታ 1:30

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፣ ታገሡኝ።

እኔ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበርኩ። ያ አሮጌው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው። ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917። ናዝሬት መሃል ላይ ናት። ሊቶሪና የምንላት የመንገደኛ ባቡር ስትመጣ ከተማው በሙሉ ጣቢያው ላይ ይሰበሰብ ነበር፣ ብርቱካን ሻጩ፣ ቆሎ ሻጩ፣ ሸኚው። ዛሬ አዲሱ ባቡር ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የሚቆመው። የልጅ ልጄ የጣቢያውን የድሮ ፎቶ ፐዝል አድርጎልኝ ሳየው ሽታው መጣብኝ።

ልጄ እሙ ስላለችው ልናገር። ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆነ። እኔ የሷን ፎቶ ቅዳሜ ቅዳሜ እገጥማለሁ። 48 ቁራጭ ነው። መጀመሪያ እንደናንተ ከዳር ጀምሬ፣ ከዚያ ፊቷን ነበር የምፈልገው። ልቤ አልቻለም። አሁን ከእግሯ እጀምራለሁ። ጫማዋ፣ ከዚያ ቀሚሷ፣ ከዚያ እጇ። ፊቷ የመጨረሻ ነው። ፊቷ ላይ ስደርስ የቀረው ሁሉ ቦታው ላይ ስለሆነ አንድ ሁለት ሦስት ብዬ አስገባለሁ፣ ጠቅ ይላል፣ መጣች። ለሌላው አይሆን ይሆናል። ለእኔ ሆኗል።

የፍራንኮዋ ልጄ፣ ለእናትሽ ይህን ንገሪያት። በኛ ጊዜ «የት ተነሳችሁት?» ሲባል የጨርቁን ስም መናገር ልማድ ነበር። ሁላችንም አውሮፕላን ላይ ወጥተናል።

ከሩቅ አገር
ሰኞ፣ ማታ 2:10

አባባ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። አነበብኩትና ሥራ ቦታ ተነስቼ ወጣሁ።

እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፣ እናቴ አዳማ፣ ገንደ ጋራ። አንዳንድ ድረ ገጾች ሁለት ሰው አንድ ፐዝል ላይ በአንድ ጊዜ እንዲሠራ ያደርጋሉ፣ ሊንክ መላክ ብቻ ነው። እኔ ጋ ጠዋት፣ እሷ ጋ ማታ። ቴሌግራም ላይ ድምፅ ከፍተን፣ እሷ ያነሳችው ቁራጭ እኔ ስክሪን ላይ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ያንን ማየት ብቻ ይበቃኛል፣ እጇን ያየሁ ነው የሚመስለኝ። ድሮ ስደውልላት «ደህና ነኝ፣ አንተስ» ብቻ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን የጎረቤታችንን አጥር ስንገጥም ስለዚያ አጥር የአርባ ደቂቃ ታሪክ ነገረችኝ። ዳታም ብዙ አይበላም፣ ፎቶው አንዴ ከተጫነ በኋላ ቀላል ነው። መብራት ሲጠፋ ብቻ እንቋረጣለን።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ፎቶውን ድረ ገጽ ላይ ስናስገባ ሌላ ሰው አያየውም?

መምህር ከቦኩ
ሰኞ፣ ማታ 2:35

ጥሩ ጥያቄ ነው። ስታስገቡ ለሁሉም ክፍት መሆኑንና አለመሆኑን የሚጠይቅ ምርጫ አለ፣ ሳታነቡ አትለፉት። የቤተሰብ ፎቶ ከሆነ ሊንኩ ያለው ብቻ እንዲያየው አድርጉ። በተለይ ልጆች ያሉበትን። ፎቶው ከስልካችሁ ሳይወጣ የሚቆርጡ አፖችም አሉ፣ ለሚጠነቀቅ ሰው እነሱ ይሻላሉ።

የሌላ ሰው ፎቶ ከሆነ ደግሞ ሕግም አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ ፎቶን ከተነሳ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠብቃል። የ1961 ፎቶ ከዚህ አልፏል። ግን ሕግ ፈቀደ ማለት ባለፎቶው ቤተሰብ ደስ ይለዋል ማለት አይደለም። ጠይቁ።

ወንጂ ሠፈር
ሰኞ፣ ማታ 3:00

ለጀማሪዎች የቁራጭ ብዛት ላይ አንድ ምክር። ለትልልቅ ሰዎች ከ24 ወይም ከ35 ጀምሩ። ስልክ ላይ ከ60 በላይ አትሂዱ፣ ቁራጩ ከጣት ያንሳል። ታብሌት ወይም ኮምፒውተር ካለ መቶም ሁለት መቶም ይቻላል። ቁራጩ የሚሽከረከርበት ምርጫ አለ፣ እሱን አጥፉት። አባቴ በሱ ምክንያት ነው መጀመሪያ የተናደደው።

ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት ነጠላ የለበሰ ሰው ከሆነ ደግሞ እግዜር ያግዛችሁ። ጥለቱን ፈልጉ፣ ሌላ መላ የለም።

የፍራንኮ ልጅ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:00

ጋሼ፣ ትናንት የጻፉትን ለእናቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። «ሁላችንም አውሮፕላን ላይ ወጥተናል» ያሉት ላይ ስትደርስ ሳቀች። ከእሑድ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

አሰላ ያለችው ትልቋ አክስቴ ጋ ደወልን። የሷ መልስ፦ «እኛ ልጆቹ ነን እንዴ ይሄ የት ነው እያልን ያስቸገርነው። አንድ ቀን ሐዋሳ ነው አለን፣ በቃ ሐዋሳ ሆነ። አባቴ በመኪና መጓዝ አይወድም ነበር፣ ያስመልሰው ነበር።» እናቴ ይህን አታውቅም ነበር፣ የመጨረሻ ልጅ ናት።

አሁን ጨለማ ክፍልን ልጠይቅህ። ፎቶውን በደንብ ስካን ላደርገው ፈልጌ ፍሬሙን ልከፍት አልኩ። ግን ፎቶው መስታወቱ ላይ ተጣብቋል፣ ከአንዱ ጥግ እርጥብ የነካው ይመስላል። ብስበው ይላቀቃል?

ጨለማ ክፍል
ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:20

እንዳትስቢው! በፍጹም። ቀለሙ መስታወቱ ላይ ይቀራል፣ አንቺ እጅ ላይ ነጭ ወረቀት ነው የሚቀርሽ። ብዙ ሰው አልቅሶ መጥቶብናል።

እንዲህ አድርጊ። መስታወቱን ከውጭ ብቻ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ። መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኚው። የስልኩ ፍላሽ ጠፍቶ። ጥቁር ልብስ ልበሺ፣ ያለዚያ የራስሽ ምስል መስታወቱ ላይ ይመጣል። ስልኩን ከፎቶው ጋር እኩል አግድመሽ ከላይ አንሺው። ሦስት አራቴ አንሺና ምርጡን ውሰጂ። ስካነር ያላችሁ ሰዎች፣ ያልተጣበቀ ፎቶ ከሆነ፣ ለፖስትካርድ የሚያክለው 300 ዲፒአይ (የስካኑ ጥራት መለኪያ ነው) ይበቃል፣ ለትንንሾቹ 600 አድርጉት።

ፍሬሙን መክፈት ግን ትችያለሽ፣ ከጀርባው በኩል። ካርቶኑን የያዙትን ሚስማሮች ቀስ ብለሽ አጥፊያቸው፣ ካርቶኑን አንሺ። የተጣበቀው ፊቱ ነው፣ ጀርባው ነፃ ነው። የድሮ ፎቶ ጀርባ ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ይኖራል። የኛ ከሆነ በማኅተሙ አውቀዋለሁ።

ጽሑፍም ይኖር ይሆናል። ያኔ ፎቶ የሚነሱት ለመላክ ነበር።

እሙ
ማክሰኞ፣ ቀን 8:15

ጋሼ የጻፉትን ለእናቴ ነገርኳት፣ ከእግር ጀምሮ ፊቱን መጨረሻ ማድረግን። ዝም አለች። ማታ ላይ ግን «ልብሱን ብቻ የምትቆርጥ ነገር የለም ወይ?» አለችኝ። ከወገብ በታች ያለውን ቆርጬ 12 ቁራጭ አደረግሁላት። የካኪ ሱሪና ቦቲ ጫማ። አምስት ጊዜ ገጠመችው። ሌላውን አልጠየቀችኝም፣ እኔም አላነሳሁባትም።

ሲስተር 04
ማክሰኞ፣ ቀን 8:40

እሙዬ። በርቺ።

የፍራንኮ ልጅ
ረቡዕ፣ ማታ 1:05

ከፈትነው።

ወንድሜ ሚስማሮቹን አጠፈ፣ እናቴ ካርቶኑን ራሷ አነሳችው። ከሥሩ የ1960ዎቹ ጋዜጣ ታጥፎ ገብቷል። ከዚያ የፎቶው ጀርባ። ማኅተም አለ፣ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ግማሹ ደብዝዟል። ጨለማ ክፍል፣ «ናዝሬት» የሚለው ብቻ ነው የሚነበበው፣ ፎቶውን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ።

ከማኅተሙ በላይ የአባባ ጽሕፈት አለ። እናቴ ገና ሳታነብ አወቀችው፣ የልብስ ልክ የሚጽፉበት ደብተር ላይ ያለው ያው «ለ» ነው አለች። ሰማያዊ ቀለም፣ አራት መስመር።

ቅድመ አያቴ መንዝ ነበሩ። ልጃቸው ቆላ ወርዳ ስታገባ በጣም ከፍቷቸው እንደነበር አክስቴ ነግራናለች። ደጋ ላለ ሰው ያኔ ውሃ ዳር ማለት ወባ ነው። ፎቶው ለሳቸው የተላከ ነው ማለት ነው። ሲያርፉ ከዕቃቸው ጋር ተመልሶ መጥቶ ሳሎን ተሰቀለ፣ ጀርባውን ያየ ሰው አልነበረም።

የተጻፈው ይኸው ነው፦

«ለተከበሩ እናታችን። እግዚአብሔር ይመስገን ሁለታችንም ደህና ነን። ከኋላችን የሚታየው ውሃ ስዕል ነውና ስለ ልጅዎ አይስጉ። ናዝሬት፣ ግንቦት 1961።»

እናቴ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ «ጀርባውንም ፎቶ አንሺው» አለችኝ። 48 ቁራጭ አድርጌላታለሁ፣ አሁን ይኸው ከጎኔ እየገጠመች ነው። ፊደል ያለበት ቁራጭ ከውሃው ይቀላል ትላለች።

ሊንኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

ጡረተኛው ከለገሃር
ረቡዕ፣ ማታ 1:25

ላኪልኝ ልጄ።